ኳስ የሚውጠው ፓርኬ እና ከስሩ የተደበቀው ጉዳይ

በአሜሪካ ቅርጫት ኳስ ዓለም ለዓመታት ሲቀባበሉት የኖረ አንድ ወሬ አለ። ነገሩ እንዲህ ነው። እንግዳው ቡድን በቦስተን ሴልቲክስ ሜዳ ላይ ኳስ እያነጠረ ይመጣል። አንዲት ቦታ ላይ ሲደርስ ኳሷ ወለሉን ነክታ እንደ ልማዷ ወደ እጁ አትመለስም፤ ግማሽ መንገድ ላይ ትሞታለች። ተጫዋቹ "ምን ሆነች?" ብሎ ዝቅ ሲል የሴልቲክሱ ተከላካይ ቀድሞት ነጥቆ ሄዷል። ወሬው እንደሚለው ባለሜዳዎቹ ኳስ የሚሞትባቸውን ቦታዎች አንድ በአንድ በቃላቸው ያውቋቸው ነበር። ተጋጣሚያቸውንም ሆን ብለው ወደዚያው ይገፉት ነበር።

ይህ እውነት ይሁን ተረት ዛሬም ያከራክራል። "አዎ፣ ነበረ" ብለው የሚምሉ አሉ። "የእንግዳውን ቀልብ ለመግፈፍ የተነዛ ወሬ ነው" ብለው የሚስቁም አሉ። አንድ ነገር ግን አያከራክርም፤ በእንጨት ወለል ላይ ኳስ የሚሞትበት ቦታ ሊኖር ይችላል። ለዚህ ብዙ ጊዜ ተጠያቂው ከላይ የሚያብረቀርቀው ጣውላ አይደለም። ከጣውላው ስር የተነጠፈው፣ ወይም መነጠፍ ሲገባው ሳይነጠፍ የቀረው ነገር ነው። የዛሬው ጽሑፋችን ትኩረትም ይኸው ማንም ልብ የማይለው የስር ንጣፍ ነው። (በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

"እንዴ! የእግር ኳስ አፍቃሪ ስለ ፓርኬ ምን አገባው?" የሚል አንባቢ እንደማይጠፋ እናውቃለን። ያገባዋል። ፉትሳል የሚባለው የቤት ውስጥ እግር ኳስ በአብዛኛው የሚካሄደው እንዲህ ባለ ወለል ላይ ነው። ደግሞስ ከላይ የሚታየውን አሳምሮ ከስር ያለውን መዘንጋት የሚያስከፍለውን ዋጋ ከእግር ኳስ ሰው በላይ ማን ያውቀዋል? በ2007 የተከፈተው አዲሱ ዌምብሌይ እንኳ ስንትና ስንት ገንዘብ ፈስሶበት ሣሩ እምቢ ብሎ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ደጋግሞ እንደ አዲስ ሲነጠፍ አይተናል። ተጫዋች ሲያንሸራትተው ተመልካቹ ሣሩን ይረግማል። ሣሩ ግን የሚኖረው ከስሩ ባለው አፈር፣ አሸዋና የውሃ መውረጃ ነው። የእንጨት ወለልም ታሪኩ ከዚህ አይለይም።

በእንጨት እጥረት ዘመን የተሠራው ሜዳ

የሴልቲክስ ፓርኬ አነሳሱ ራሱ ታሪክ ነው። ክለቡ በ1946 ሲመሠረት ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ካበቃ ገና አንድ ዓመቱ ነበር። በአሜሪካ ጥሩና ረጃጅም ጣውላ እንደ ልብ አይገኝም። ስለዚህ ሠሪዎቹ ያገኙትን የኦክ እንጨት ቁርጥራጭ ሰብስበው፣ አንዱን ክፍል በቁመት፣ ሌላውን በአግድም እያደረጉ ገጣጠሙት። ዛሬ በቴሌቪዥን ስናየው "እንዴት ያምራል" የምንለው እንደ ዳማ ሰሌዳ ያለ መልክ የመጣው ከችግር ነው።

ወለሉ መጀመሪያ ያረፈው ቦስተን አሬና በሚባለው አዳራሽ ነበር። በ1952 ወደ ታዋቂው ቦስተን ጋርደን ተዛወረ። በጠቅላላው 247 ክፍልፋዮች ነበሩት። እያንዳንዱ ወደ 1.5 ሜትር በ1.5 ሜትር የሚጠጋ ሲሆን እርስ በርስ የሚያያዙት በብሎን ነው። በብሎን መያያዙ የግድ ነበር። ቦስተን ጋርደን የቅርጫት ኳስ ብቻ ሳይሆን የበረዶ ሆኪው ክለብ የቦስተን ብሩይንስም ቤት ነበርና አንድ ቀን ሆኪ፣ በማግሥቱ ቅርጫት ኳስ ይካሄድበታል። ሠራተኞቹ ሌሊቱን ሙሉ ወለሉን ሲፈቱና ሲገጥሙ ያድራሉ።

በዚህ ወለል ላይ ሴልቲክሶች ከ1957 እስከ 1986 ባሉት ዓመታት 16 ጊዜ የኤንቢኤ ሻምፒዮን ሆነዋል። ቢል ራስል፣ ቦብ ኩዚ፣ ጆን ሃቭሊቼክ፣ ላሪ በርድ ሁሉም የነገሡት እዚያው ፓርኬ ላይ ነው።

አሁን ወደ ወሬያችን እንመለስ። ለአሥርተ ዓመታት በየጊዜው የሚፈታና የሚገጠም ወለል አስቡት። አንዱ ብሎን ይላላል፤ አንዱ ክፍልፋይ ጠርዙ ይበላል፤ ሌላው ከስሩ ካለው መደገፊያ ትንሽ ከፍ ይልና ክፍተት ይፈጠራል። ተመልካቹ ከላይ ሆኖ ሲያየው ወለሉ ያው ነው። ኳሷ ግን ልዩነቱን ታውቀዋለች።

ኳሷ ለምን ትሞታለች?

ነገሩ ቀላል ነው። ኳስ ኮንክሪት ላይ ስትነጥር ኮንክሪቱ ንቅንቅ አይልም። ስለዚህ ኳሷ ይዛ የመጣችውን ጉልበት አብዛኛውን ይዛ ትመለሳለች። ከስሩ ባዶ የሆነ ጣውላ ላይ ስታርፍ ግን ጣውላው ወደ ታች ይለመጣል። ያን ጊዜ የኳሷ ጉልበት ከፊሉ ጣውላውን ለማንቀሳቀስ ይውላል። ጣውላው ተመልሶ ቀና ሲል ኳሷ ሄዳለች። ስለዚህ የወሰደውን አይመልስላትም።

የድሮ የፒያሳና የካዛንቺስ ጣውላ ቤቶችን የሚያውቅ ሰው ይህ አይቸግረውም። ወለሉ ከመሬት ከፍ ብሎ የተሠራ ነው። አንድ ወፈር ያለ ዘመድ ሳሎን ውስጥ ሲራመድ ቡፌው ላይ ያሉት ብርጭቆዎች ይንጫጫሉ። እርምጃው ወለሉን አንቀሳቅሶታል ማለት ነው። ደግሞ ሞራሌው ካለበት ላይ ሲረገጥ ድምፁ ሌላ፣ በሁለት ሞራሌ መካከል ሲረገጥ ሌላ ነው። በሴልቲክስ ሜዳ ተከሰተ የሚባለውም ይኸው ነው። ልዩነቱ እዚያ ብርጭቆ ሳይሆን ነጥብ መውደቁ ነው።

እንዲህ ከሆነ ታዲያ ለምን ጣውላውን በቀጥታ ኮንክሪት ላይ ለጥፈው አይገላገሉም? ኳሷ እንደሆነች በደንብ ትነጥራለች። ጥያቄው ጥሩ ነው። መልሱ ያለው ግን ኳሷ ጋ ሳይሆን ተጫዋቹ ጉልበት ውስጥ ነው።

ንብርብሩ ሲገለጥ

በዛሬዎቹ ትላልቅ አዳራሾች ከላይ የሚታየው ጣውላ በአብዛኛው ሜፕል የሚባለው ጠንካራ እንጨት ነው። በኤንቢኤ ሴልቲክሶች በኦክ ጸንተው ሲቀሩ ሌላው ሁሉ ማለት ይቻላል ሜፕል ላይ ነው የሚጫወተው። ሜፕል የሚመረጠው ጥቅጥቅ ያለ በመሆኑና በቀላሉ ስለማይሰነጠር ነው። ውፍረቱ ግን ሁለት ሴንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ያን ሁሉ ግዙፍ ተጫዋች የሚሸከመው ይህ ስስ ጣውላ ብቻውን እንዳይመስላችሁ።

አንድ ቋሚ የስፖርት አዳራሽ ወለል ተቆርጦ ቢታይ ከታች ወደ ላይ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ኮንክሪቱ አለ። ኮንክሪቱ ደረቅና ሊሾ እንደተደረገ ወለል ልክ መሆን አለበት። ቀጥሎ ከመሬት የሚመጣውን እርጥበት የሚያግድ ላስቲክ ይዘረጋል። ከላስቲኩ በላይ የጎማ ቁራጮች በእኩል ርቀት ይደረደራሉ፤ አለዚያም እንደ ፍራሽ የሚያገለግል ስፖንጅ ይነጠፋል። ከዚያ ኮምፔርሳቶ ይመጣል። ብዙ ጊዜ ሁለት ድርብ ሆኖ መገጣጠሚያዎቹ እንዳይገናኙ ይዘበራረቃል። በአንዳንዱ አሠራር በኮምፔርሳቶው ፈንታ ሞራሌ ይደረደራል። ከሁሉ በላይ ሜፕሉ በሚስማር ይመታል፤ ይላጋል፤ ቫርኒሽ ይቀባል፤ መስመር ይሰመርበታል።

ልብ በሉ! ከእነዚህ ሁሉ ንብርብሮች ውስጥ ተመልካቹም ተጫዋቹም የሚያየው የመጨረሻውን ብቻ ነው። ሥራውን ተቆጣጥሮ የሚረከበው ሰው እንኳ ዘግይቶ ከመጣ የሚያየው ያንኑ ነው። ለዚህ ነው ገንዘብ ለመቆጠብ የተነሳ ሠሪ መጀመሪያ እጁን የሚሰድደው ወደ ስር ንጣፉ የሚሆነው። ከጎማው መቶ ቁራጭ ቢቀነስ፣ ላስቲኩ ቢሳሳ፣ በምርቃቱ ቀን ማን ያየዋል? ሪባኑ ይቆረጣል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ይጨበጨባል። ጉዱ የሚወጣው ከአንድ ከሁለት ዓመት በኋላ ነው።

የጉልበትና የኳስ ፀብ

የስር ንጣፉ ዋና ሥራ ሁለት የማይስማሙ ባላንጣዎችን ማስታረቅ ነው። የተጫዋቹ ጉልበት "ወለሉ ልስልስ ይበልልኝ" ይላል። ኳሷ ደግሞ "ደረቅ ይሁንልኝ" ትላለች። ለአንዱ ሲደላ ሌላው ይከፋል።

አንድ ተጫዋች ዘሎ ሲያርፍ እግሩ የሚሸከመው ኃይል ከራሱ ክብደት ብዙ እጥፍ ነው። ይህ በአንድ ጨዋታ በደርዘን የሚቆጠር ጊዜ፣ በአንድ የውድድር ዘመን ደግሞ በሺህ የሚቆጠር ጊዜ ይደጋገማል። ኮንክሪት ላይ ከሆነ ያን ሁሉ የሚቀበለው ቁርጭምጭሚት፣ ጉልበትና ወገብ ነው። ኮንክሪቱ ምንም አይካፈልም።

ጀርመኖች ይህን በቁጥር ለመለካት አንድ መሣሪያ ሠርተዋል። "አርቴፊሻል አትሌት በርሊን" ይሉታል። ስሙን ሰምታችሁ ሮቦት እንዳትጠብቁ። 20 ኪሎ ግራም የሚመዝን ክብደት ከአምስት ሴንቲ ሜትር ተኩል ከፍታ በስፕሪንግ ላይ የሚወድቅበት ማሽን ነው። መጀመሪያ ኮንክሪት ላይ ይጣልና ኃይሉ ይለካል። ከዚያ እንጨቱ ወለል ላይ ይጣላል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ወለሉ ከተጫዋቹ ላይ ያነሳለት ሸክም ማለት ነው። ለረጅም ጊዜ ሲሠራበት በኖረው የጀርመን መስፈርት መሠረት ጥሩ የሚባል የእንጨት ወለል ቢያንስ 53 በመቶውን መምጠጥ ይጠበቅበታል። ማለትም ኮንክሪት ላይ ቢሆን በተጫዋቹ ላይ ይመለስ ከነበረው ምት ከግማሽ በላዩን ወለሉ ይሸከምለታል።

ወለሉ ይህን የሚያደርገው ዝቅ በማለት ነው። ስንት ዝቅ ይላል? በዚያው መስፈርት ቢያንስ 2.3 ሚሊ ሜትር። በአይን አይታይም፤ ጉልበት ግን ያውቀዋል።

የኳሷም መብት ተጠብቋል። እዚያው መስፈርት ላይ የቅርጫት ኳስ በእንጨቱ ወለል ላይ ስትነጥር ኮንክሪት ላይ ከምትደርስበት ከፍታ ቢያንስ 90 በመቶውን መድረስ አለባት። እንግዲህ የሠሪው ራስ ምታት እዚህ ላይ ነው። ከምቱ ከግማሽ በላይ የሚውጥ፣ ከኳሷ ግን ከአሥር በመቶ በላይ የማይሰርቅ ወለል አምጣ ተብሏል። ለዚህ የሚረዳው የሰውየውና የኳሷ ክብደት ልዩነት ነው። 90 ኪሎ ሰው ሲያርፍ ከስር ያለው ጎማ ይጨመቃል። የስድስት መቶ ግራም ኳስ ግን ከላይ ያለውን ጣውላና ኮምፔርሳቶ አልፋ ጎማውን ለማስጎንበስ አቅም የላትም። ስለዚህ ከላይ ጠጠር፣ ከታች ለስለስ ያለ ንብርብር ሁለቱንም ያስታርቃል። ጎማው ግን ከመጠን በላይ ከለሰለሰ ወይም አንዱ ቦታ በዝቶ ሌላው ቦታ ካነሰ ያ የቦስተኑ ወሬ ይደገማል።

ሌላም ነገር አለ። ጎማ ላይ ያረፈ የእንጨት ወለል ሰውየው የረገጠበት ነጥብ ላይ ብቻ ሳይሆን ዙሪያውንም ይዞ ነው የሚወርደው። ስፖንጅ ላይ የተለጠፈ ፕላስቲክ ወለል ግን እግሩ ያረፈበት ቦታ ብቻ ይሰረጉዳል። ሁለቱም ምት ይቀንሳሉ፤ ሲዞሩባቸው ግን እግር ላይ የሚሰጡት ስሜት አንድ አይደለም።

የጉልበት ነገር ከተነሳ የኖርዌይ ተመራማሪዎች በ2003 ያወጡትን ጥናት ሳንጠቅስ አናልፍም። የእጅ ኳስ ተጫዋቾች ላይ የደረሰውን የፊተኛው የጉልበት ጅማት መበጠስ፣ የእኛ ስፖርት ቤተሰብ "ኤሲኤል" እያለ የሚጠራውን አደገኛ ጉዳት፣ በእንጨት ወለልና በሰው ሠራሽ ወለል ለይተው አዩት። በሴቶቹ ላይ ጉዳቱ በሰው ሠራሹ ወለል ላይ ከፍ ብሎ ተገኘ። በወንዶቹ ላይ ልዩነት አልታየም። ተመራማሪዎቹ የጠረጠሩት የወለሉን አያያዝ ነው፤ ጫማውን አጥብቆ ስለሚይዝ እግሩ ቆሞ ሰውነቱ ሲዞር ጉልበቱ ይጠመዘዛል። ይህ የላይኛው ገጽ ጉዳይ እንጂ የስር ንጣፍ ጉዳይ አይደለም። ቢሆንም ወለል መምረጥ የጌጥ ጉዳይ እንዳልሆነ ያስረዳል። አንድ ኤሲኤል የተበጠሰበት ተጫዋች ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት ከሜዳ እንደሚርቅ የማያውቅ የእግር ኳስ ደጋፊ የለም። ሳይመለሱ የቀሩትንም እናውቃለን።

ውሃ፣ የእንጨት ቀንደኛ ጠላት

ክረምት ሲገባ የእንጨት በር አልዘጋ ብሎ ያልታገለ የከተማችን ነዋሪ አለ? እንጨት አየር ውስጥ ያለውን እርጥበት ሲጠጣ ያብጣል፤ በበጋ ሲደርቅ ይኮማተራል። አንድ በር ይህን ካደረገ 28 ሜትር ርዝመት ያለው የቅርጫት ኳስ ሜዳ፣ ወይም 40 ሜትር የሆነ የፉትሳል ሜዳ ምን ሊያደርግ እንደሚችል አስቡት።

ለዚህ ነው ሠሪዎች ጣውላውን ከግድግዳው ጋር አጣብቀው የማይጨርሱት። በትልልቅ አዳራሾች ዙሪያውን እስከ አምስት ሴንቲ ሜትር የሚደርስ ክፍተት ይተዋል። ክፍተቱን አየር በሚያስገባ ዞኮሎ ይሸፍኑታል። ያ ክፍተት ከተነፈገው ወለሉ ሲያብጥ መሄጃ ያጣል። መሄጃ ሲያጣ ወደ ላይ ይነሳል። ጣውላው ሲነሳ ደግሞ የሚያድነው የለም፤ ተነቅሎ ይጣላል።

ከታች የሚመጣው እርጥበት ደግሞ የባሰ ነው። ኮንክሪት ከላይ የደረቀ ቢመስልም ውስጡ ለሳምንታትና ለወራት ውሃ ይይዛል። ላስቲክ ካልተዘረጋበት ያ ውሃ ተንኖ ወደ ጣውላው ሆድ ይገባል። የጣውላው ሆድ ያብጣል፤ ጀርባው ደረቅ ነው። ያን ጊዜ እያንዳንዱ ጣውላ ዳርና ዳሩ ይነሳና መሐሉ ይሰረጉዳል። ሜዳው እንደ ቆርቆሮ ጣሪያ ሞገድ ሞገድ ይሠራል። ኳስ መሬት ለመሬት የሚገፋበት ፉትሳል ላይ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ አንነግራችሁም።

ውሃ ከላይ ሲመጣስ? በኅዳር ወር 2012 አሜሪካኖች አንድ የሚያምር ሐሳብ ይዘው ተነሱ። የዩኒቨርሲቲ ቅርጫት ኳስ ጨዋታዎችን በጦር መርከብ ላይ ማካሄድ! በዓመቱ በፊት ዩኤስኤስ ካርል ቪንሰን በተባለው አውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ ላይ ኖርዝ ካሮላይናና ሚቺጋን ስቴት ፕሬዚዳንት ኦባማ ባሉበት ተጫውተው ተሳክቶ ነበር። በ2012 ግን ነገሩ ከሸፈ። በፍሎሪዳ ጃክሰንቪል በቆመው ዩኤስኤስ ባታን ላይ ፍሎሪዳ ከጆርጅታውን ጋር ሲጫወት እረፍት ላይ 27 ለ 23 እየመራ ነበር። ማታው ሲበርድ ግን እንጨቱ ወለል አላበው። ተጫዋቾች ይንሸራተቱ ጀመር። ሁለተኛው አጋማሽ ሳይካሄድ ጨዋታው ተቋረጠ። በዚያው ምሽት በቻርልስተን በዩኤስኤስ ዮርክታውን ላይ ሊካሄድ የነበረው የኦሃዮ ስቴትና የማርኬት የወንዶች ጨዋታም በዚሁ ምክንያት ሳይካሄድ ቀረ። ውሃው ተጠርጎ ቢታይም ወለሉ መልሶ ያልበዋል። ማንም የማንንም ጉልበት ለመክፈል አልደፈረም። ትክክልም ነበሩ።

ምን ሆኖ ነው? ከፍሪጅ የወጣች የለስላሳ ጠርሙስ ጠረጴዛ ላይ ስትቀመጥ ምን ትሆናለች? ታልባለች። እርጥብ አየር ቀዝቃዛ ነገር ሲነካ ውሃ ይሆናል። የቀዘቀዘ ወለል ካለ፣ የባሕር ዳር እርጥብ አየር ካለ፣ ላብ አለ።

አሁን ደግሞ ወደ ቦስተን እንመለስና ይህን አስቡ። ሴልቲክስና ብሩይንስ ዛሬም አንድ አዳራሽ ነው የሚጋሩት። ሆኪ የተደረገበት በረዶ አይቀልጥም፤ እዚያው ነው ያለው። የቅርጫት ኳሱ ወለል የሚገጠመው ከበረዶው በላይ ነው! ከ19 ሺህ በላይ ሰው የሚተነፍስበት ሞቃት አዳራሽ፣ ከእግር በታች ደግሞ በረዶ። ከጣውላው በፊት ቅዝቃዜውን የሚያግድ ንጣፍ በበረዶው ላይ ባይደረደር ኖሮ ወለሉ እንደ ጠርሙሷ ባላበው ነበር። እዚህ ላይ የስር ንጣፉ ሥራ ጉልበት ማዳን ብቻ ሳይሆን ጨዋታው ራሱ እንዲካሄድ ማድረግ ነው።

ፉትሳልስ ምን ይላል?

ፉትሳል የተወለደው በ1930 በኡራጓይ ሞንቴቪዲዮ ነው። ሁዋን ካርሎስ ሴሪያኒ የተባለ መምህር በወወክማ ውስጥ ወጣቶች ዝናብም ሆነ ፀሐይ ሳይበግራቸው እንዲጫወቱ ብሎ የፈጠረው ነው። ሜዳውን ከቅርጫት ኳስ፣ ግቡን ከእጅ ኳስ ቢጤ ወሰደ። ከአዳራሽ መወለዱ ከእንጨት ወለል ጋር አቆራኘው። ዛሬም የጨዋታው ሕግ ወለሉ ለስላሳ፣ ደልዳላና የማይልጥ እንዲሆን፣ በተለይም ከእንጨት ወይም ከሰው ሠራሽ ቁስ እንዲሠራ ይመክራል። ኮንክሪትና አስፋልት እንዲቀር ይላል።

የፉትሳል ኳስ ከመደበኛዋ አነስ ትላለች፤ እንድትነጥርም አይፈለግም። ከሁለት ሜትር ከፍታ ስትለቀቅ መጀመሪያ የምትነጥረው ከ50 እስከ 65 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። ስለዚህ እዚህ ላይ የኳሷ ጥያቄ ከፍታ ሳይሆን ቀጥታ መንከባለል ነው። የተጫዋቹ ጥያቄ ግን አልተቀየረም። እንዲያውም ይብሳል። በፉትሳል ሩጫው አጭር፣ መቆሙ ድንገተኛ፣ መዞሩ ቅጽበታዊ ነው። በረኛው ደግሞ በየደቂቃው ወለሉ ላይ ይወድቃል። ሮናልዲኒዮና ኔይማር ያን ሁሉ ጥበብ በልጅነታቸው የቀሰሙት በፉትሳል እንደሆነ ይታወቃል። ኳሱን እናደንቃለን፤ እግራቸው ሳይሰበር ያደገበትን ወለል ግን ማንም አያነሳውም።

በአህጉራችን በፉትሳል ስሟ የገነነው ሞሮኮ ናት። የአፍሪካን ዋንጫ በ2016፣ በ2020 እና በ2024 ተከታትላ ወስዳለች። በ2021 እና በ2024 የዓለም ዋንጫዎችም እስከ ሩብ ፍጻሜ ዘልቃለች። ይህ የሆነው በአሰልጣኝና በተጫዋች ብቻ አይደለም። አስፋልት ላይ የፉትሳል ብሔራዊ ቡድን አይገነባም፤ አዳራሽ ያስፈልጋል፤ አዳራሹም ወለል ያስፈልገዋል።

እኛስ? እኛ በአስፋልትና በሲሚንቶ ላይ ኳስ ስንገፋ ያደግን ነን። ጉልበታችን ተልጦ፣ አውራ ጣታችን ጥፍሩ ተነቅሎ። ከዚያ ያለፈው ሰው 40 ዓመት ሳይሞላው ደረጃ ሲወጣ ጉልበቱን ይዞ "ውይ!" ሲል መስማት የተለመደ ነው። አስፋልት ክፉ ነው፤ ቢያንስ ግን ማንነቱን አይደብቅም። የሚያታልለው ቆንጆ መስሎ ከስሩ ኮንክሪት ብቻ የሆነው ወለል ነው። ተጫዋቹ "እንጨት ነው" ብሎ ያምነውና ያለ ስጋት ይዘልበታል።

ለቤትም፣ ለጂምም

ይህ ነገር የትልቅ አዳራሽ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ቤታቸውን ፓርኬ ለማልበስ የሚያስቡ፣ ወይም በሰፈራቸው ጂም ለመክፈት የተነሱ አንባብያን ጥቂት ነገር ልብ ቢሉ ይጠቀማሉ።

አንደኛ፣ ከሁሉ በፊት እርጥበት። ቀላል መፈተኛ አለ። 45 ሴንቲ ሜትር በ45 ሴንቲ ሜትር የሆነ ጥርት ያለ ላስቲክ ኮንክሪቱ ላይ ዘርግቶ አራቱንም ጠርዝ በፕላስተር ማሸግና ቢያንስ 16 ሰዓት መተው ነው። ሲነሳ ላስቲኩ ከስር ካላበው ወይም ኮንክሪቱ ከጠቆረ ወለሉ ገና ነው። ጣውላ የሚለበስበት ጊዜ አልደረሰም። ደረቅ ሆኖ ከተገኘም ይህ የመጀመሪያ ማጣሪያ እንጂ የመጨረሻ ዋስትና አይደለም። ትልቅ ሥራ ከሆነ በመሣሪያ ማስለካት ይሻላል።

ሁለተኛ፣ ድልዳሌ። የስር ንጣፍ ጉድጓድ አይሞላም። ኮንክሪቱ ወጣ ገባ ከሆነ መጀመሪያ ሊሾው ይስተካከል። "ስፖንጁ ይሸፍነዋል" የሚል ባለሙያ ካጋጠመዎት ሌላ ይፈልጉ።

ሦስተኛ፣ ወፍራም ስፖንጅ ሁሉ ጥሩ ነው ማለት አይደለም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። እርስ በርሱ እየተቆላለፈ የሚገጠመው ፓርኬ ከስሩ የሚፈልገው ሁለት ሦስት ሚሊ ሜትር የሆነ ጠጠር ያለ ንጣፍ ነው። ከዚያ አልፎ እንደ ፍራሽ ከለሰለሰ በተራመዱ ቁጥር መቆላለፊያው ይታጠፋል። ውሎ አድሮ ይሰበራል። በሚስማር ለሚመታ ጣውላ ደግሞ ስፖንጅ ከነጭራሹ አይሆነውም፤ ኮምፔርሳቶና እርጥበት የሚከላከል ወረቀት ነው የሚስማማው። የስፖርት አዳራሽ ከሆነ ግን ለዚሁ ተብሎ የተሠራው የጎማ መደገፊያ በቤት ስፖንጅ አይተካም።

አራተኛ፣ ጣውላው ከመጋዘን እንደመጣ አይመታ። ለተወሰኑ ቀናት በሚነጠፍበት ክፍል ውስጥ ተቀምጦ የክፍሉን አየር ይልመድ። በግድግዳው ዙሪያም ክፍተት ይተውለት፤ ለቤት አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ ይበቃል።

አምስተኛና ዋናው፣ ሥራውን የሚያሠራ ሰው ጣውላው ከመመታቱ በፊት ይገኝ። ላስቲኩን በዓይኑ ይይ፣ ጎማውን ይቁጠር። ከተሸፈነ በኋላ ቢያንኳኳ ምንም አያገኝም።

ፓርኬው የት ደረሰ?

የቦስተኑ አሮጌ ፓርኬ ሴልቲክሶች በ1995 ወደ አዲሱ አዳራሽ ሲዛወሩ አብሯቸው ተዛውሮ ነበር። በታኅሣሥ ወር 1999 ግን ጡረታ ወጣ። ቁርጥራጩ ለማስታወሻ ተሸጠ። በቦታው የገባው አዲስ ወለል መልኩ ያው የዳማ ሰሌዳ ነው። ከስሩ ያለው ግን የዘመኑ አሠራር ነው። ሴልቲክሶች በዚያ መልክ ላይ በ2008 እና በ2024 ሁለት ዋንጫ ጨምረው ቁጥሩን 18 አድርሰውታል። ኳስ የሚሞትባት ቦታ ወሬም እየቀዘቀዘ ሄዷል።

ቦስተኖች ደጋፊው የወደደውን መልክ ሳይነኩ ከስር ያለውን ቀየሩት። ወደፊት በየከተማችን የቤት ውስጥ ሜዳ ሲሠራ የወለሉ ንጣት፣ የቫርኒሹ ማብረቅረቅና የመስመሩ ቀለም ይወራል። የእግር ኳስ ቤተሰቡም በምርቃቱ ቀን ተሰልፎ ያያል። ያን ቀን አንድ ሰው እጁን አውጥቶ "ከስሩ ምንድን ነው ያነጠፋችሁት?" ብሎ ቢጠይቅ እንዳትስቁበት። በዚያ ወለል ላይ የሚዘሉት የራሳችን ልጆች ናቸው።